መርሴዲሱ በስንት ነው የተመዘገበው?



ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ሞልተውታል። ከፎቆቹ ሥር አሮጌ መርሴዲስ ቆሞ ባየሁ ቁጥር ቤርታ ቤንዝ ትዝ ትለኛለች። በ1888 እ.ኤ.አ. ለባሏ ለካርል ሳትነግር፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ እሱ የሠራውን መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳችው። ነዳጅ ሲያልቅባት የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነበር፤ የጤና ሰው ነኝና ይህቺን አልረሳትም። “መርሴዲስ” ደግሞ የዳይምለር መኪና ይሸጥ የነበረው የኤሚል ዬሊኔክ ልጅ ስም ነው። ቤንዝና ዳይምለር በ1926 እ.ኤ.አ. ተዋሃዱ።

እኛም ዘንድ መርሴዲስ የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። መድኑ ግን ብዙ ጊዜ በድሮ ዋጋ ይቀራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ንሯል። ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ዋስትናው ሩቡን ብቻ ነው። 400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 100,000 ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ ያለው የባለቤቱ ድርሻ ይቀነሳል። “እኔ እኮ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ” የሚሉ አባቶች ይህን የሚሰሙት ከአደጋው በኋላ ነው።

በአዋጅ የግድ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንማ ለተጎዳው ሰው ነው፤ የራስን መኪና አያሠራም።

ውሉን ስታድሱ መኪናውን በዛሬው ገበያ አስገምቱ። አባት አርፈው ከሆነ፣ ውሉ በማን ስም እንዳለም አብራችሁ ጠይቁ።