ዕቅዳችሁን ማን ይጠይቃችኋል?

በ2014 መስከረም ስልኬ ላይ «ላፕቶፕ መግዛት» ብዬ ጻፍኩ። በ2015ም ጻፍኩ። በ2016 መጻፉም ሰልችቶኝ ያምናውን ኮፒ አደረግኩት። ኢኮኖሚክስ ተምሮ የራሱን ኪስ የማያውቅ ሰው ካላያችሁ እኔን እዩ።

ገንዘብ ጭራሽ አላገኘሁም ማለቴ አይደለም። ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን ፓኬጅ፣ አንድ ቀን ማኪያቶ፣ አንድ ቀን የጓደኛ ሠርግ እያለ ያልቃል። «የላፕቶፑ ነገር ምን ደረሰ?» ያለኝ ሰው የለም። ስልኩ እንደሆነ አይታዘብ።

ግንቦት 2016 ላይ እዚሁ ለገዳዲ ሰፈሬ ውስጥ እቁብ ገባሁ። 24 ሰው፣ በሳምንት 1,000 ብር። ዳኛችን ባለ ሱቅ እናት ናቸው፤ እሁድ እሁድ ሱቃቸው በር ላይ እንሰበሰባለን። አንድ እሁድ ብር አጠረኝና «በሚቀጥለው ደርቤ ልስጥ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዛሬ የሚደርሰው ሰው ያንተንም ሺህ ብር ቆጥሮ ነው የመጣው» አሉኝ። ከወንድሜ ተበድሬ ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሆኜ አይደለም የቆጠብኩት፤ አፍሬ ነው።

ሜሪ ኬይ ጉገርቲ የተባለች ተመራማሪ ምዕራብ ኬንያ ያሉ የእቁብ ዓይነት ማኅበራትን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጽሑፍ ሰዎች የሚሰባሰቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ትላለች፦ ብቻቸውን መቆጠብ ስለሚያቅታቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ያሰቡት ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ ገንዘብ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ተሞከረ። ተጨማሪ ወለድ የለውም። ሆኖም ከተጠየቁት ደንበኞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከፈቱ። የገዛ እጃቸውን የማያምኑ ብዙ ናቸው ማለት ነው።

«ያሰብከውን አታውራ» የሚባል ምክር አለ። ግማሹን እቀበላለሁ። ዕቅድን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ላይክ መሰብሰብ የሠራን ያህል ያስደስተናል፣ እዚያው እንቀራለን። ለሚጠይቅ ሰው መንገር ግን ሌላ ነው። በማለዳ በሰንዳፋ መንገድ የሚሮጡትን አትሌቶች አይታችሁ ከሆነ በቡድን ነው የሚሮጡት፤ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

እቁብ ከዋጋ ንረት ግን አያድንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ የደረሰኝ በ19ኛው ሳምንት ነው። በ24 ሺህ ያየሁት ያገለገለ ላፕቶፕ 31 ሺህ ገብቶ ጠበቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት የደረሳት ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን በድሮው ዋጋ ገዝታ እየሠራችበት ነበር። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ዕቃ ከሆነ ዕጣ መቀያየር የሚፈቀድበት እቁብ ፈልጉ፣ ቀድሞ የደረሰውንም ሳታፍሩ አነጋግሩ። ዋስ የማይጠይቅ እቁብ ውስጥ ደግሞ ባትገቡ ይሻላል፤ በልቶ የሚጠፋ አይጠፋም።

ሰባቱን ሺህ ሞልቼ ላፕቶፑን ገዛሁ። ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው።

አሁን ያለ ገንዘብ የሚሠራ እቁብ ጀምረናል፤ አራት ነን። እሁድ ማታ እንገናኝና እያንዳንዳችን የሳምንቱን ሥራ እናሳያለን፦ አንዷ የእንግሊዝኛ ፈተና ልምምዷን፣ አንዱ የመንጃ ፈቃድ ጥናቱን፣ እኔ ጽሑፌን። ባዶ እጁን የመጣ የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። ባለፈው እሁድ እኔ ከፈልኩ።