ሽርሽሩ ዋና በማይችለው ሰው ልክ ይታቀድ

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ቀደም ሲል የሚያዩት የልጆቻቸውን ቤት፣ የዘመድ አዝማዱን ሰርግና ክርስትና፣ ቢበዛ ደግሞ ኒውዮርክን ነበር። ዛሬ ዛሬ «ክሩዝ እንውሰዳችሁ» ማለት ተጨምሯል። የዳላስና የሂዩስተን ቤተሰብ ከጋልቨስተን፣ የዋሽንግተኑ ከባልቲሞር፣ ሌላው ከማያሚ ወደብ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍሮ በካሪቢያን ባሕር ላይ ጥቂት ቀናት ያሳልፋል። መርከቡ በየደሴቱ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ዋኝቶ፣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ከእነዚህ ማረፊያዎች እጅግ ከሚዘወተሩት አንዷ በሜክሲኮ ኪንታና ሮ ግዛት የምትገኘው የኮዙሜል ደሴት ናት።

ለዚያ አንድ ቀን የሚደረገው ዝግጅት ቀላል አይደለም። የትኛው የባሕር ዳርቻ ይሻላል? ጀልባው ስንት ያስከፍላል? ምሳ አለው ወይ? ምን ይለበሳል? ይህ ሁሉ ለሳምንታት ይመከርበታል። ከሁሉ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል፤ ከመካከላችን ዋና የማይችለው ማን ነው? በእኔ እምነት የቀኑ ዕቅድ በሙሉ መነሳት ያለበት ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ቦታው፣ ጀልባው፣ ሰዓቱ፣ መሣሪያው የሚመረጡት ጎበዝ ዋናተኛ በሆነው የ20 ዓመት ወጣት ልክ ሳይሆን፣ ውሃ በሚፈራው ወይም ውሃ በማያውቀው ሰው ልክ ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው በደጋ ነው። ወንዝ ዳር የተወለደ ዋና ይማር ይሆናል፤ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ላንጋኖም የራሳቸው ዋናተኞች አሏቸው። ሆኖም ዕድሜው ስድሳን ተሻግሮ አንድም ቀን ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አደጋው ያለው ዋና ባለመቻል ላይ ብቻ ሳይሆን፣ አለመቻልን ለመናገር በሚይዘን ይሉኝታ ላይ ነው። ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ጀልባ ተከራይቶ «እማዬ፣ እስቲ ዓሣዎቹን እይልኝ» ሲላት እናት እንዴት «እፈራለሁ» ትበል? መነጽሩን ታጠልቃለች፤ ትገባለች። አስጎብኚውም «ዋና ትችላላችሁ?» ብሎ በጅምላ ሲጠይቅ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው መሞታቸውን አመልክቷል (ዓመታቱ በጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በድሃ አገሮች፣ በወንዝ፣ በኩሬና በጎርፍ ነው። የሽርሽር ባሕር ከዚህ ቁጥር ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። ግን ከሁሉም በቀላሉ ልንከላከለው የምንችለው ይኸው ነው፤ ማንም ተገዶ አይገባበትምና።

አሁን ወደ ኮዙሜል እንመለስ። ደሴቲቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላት። መርከቦች የሚቆሙት ወደ ዋናው የሜክሲኮ ምድር በሚያየው የምዕራብ ጎን ነው፤ በዚያ በኩል ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። የምሥራቁ ጎን ግን ለክፍት ባሕር የተጋለጠ፣ ማዕበሉ የሚመታና ወደ ውስጥ የሚጎትት ነው። ዳርቻው ሰው የማይበዛበትና ውብ ስለሆነ መኪና ተከራይተው የሚሄዱ አሉ። ለማየትና ምሳ ለመብላት ይሂዱ፤ ለዋና ግን አይደለም። በየትኛውም ዳርቻ ቀይ ወይም ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ክርክር የለም፤ ውሃ ውስጥ አይገባም። በክረምታቸው ወራት የሰሜን ነፋስ ሲነሳ የወደቡ ኃላፊዎች ትናንሽ ጀልባዎችን የሚያግዱበት ቀን አለ። በዚያ ቀን «እኔ እወስዳችኋለሁ» የሚል ባለ ጀልባ ቢገኝ መልሱ «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነው።

በምዕራቡ ጎንም ቢሆን ቦታው ሁሉ አንድ አይደለም። ፓላንካርና ኮሎምቢያ የሚባሉት የኮራል ሪፎች፣ ማለትም በባሕር ወለል ላይ በሕይወት ያሉ ጥቃቅን እንስሳት የገነቧቸው ድንጋይ መሰል አምባዎች፣ ኮዙሜልን በዓለም ያስጠሯት ናቸው። ነገር ግን ውሃው እግር የሚያስቆም አይደለም፤ ወራጅም አለው። ጀልባው ሰዎቹን አንድ ቦታ ያወርድና ወራጁ ይዟቸው ከሄደበት ሌላ ቦታ ያነሳቸዋል። ለለመደ ሰው ደስ የሚል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ውሃ ውስጥ ለሚደፋ ሰው ግን ፈጽሞ ቦታው አይደለም። ኤል ሲዬሎ የሚባለው አካባቢ ደግሞ ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት፣ ውሃው ወገብና ደረት የሚደርስ፣ የባሕር ኮከቦች የሚታዩበት ነው። ብዙ ጀልባዎች ሦስቱንም በአንድ ቀን ያዞራሉ። እኔ ብሆን ዋና የማይችል ሰው ይዤ ስሄድ ከሦስቱ ኤል ሲዬሎን ብቻ መርጬ፣ በሌሎቹ ጊዜ ያ ሰው ጀልባው ላይ እንዲቀመጥና አንድ ሰው አብሮት እንዲቀር አስቀድሜ እነጋገር ነበር። «አስቀድሜ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ጀልባው ላይ ሆኖ ይሉኝታን ማሸነፍ አይቻልም።

ስኖርክሊንግ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መነጽር ይደረጋል፣ ቱቦ በአፍ ይያዛል፣ በደረት ተኝቶ መንሳፈፍ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ግን ቀላል አይደለም። ሰው አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲገባ የውሃው ግፊት በእግርና በሆድ ያለውን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። ልብ ከወትሮው የበዛ ደም ይቀበላል፤ የሳንባ የደም ሥሮችም ይሞላሉ። በዚህ ላይ በጠባብ ቱቦ አየር መሳብ ጉልበት ይጠይቃል። ሰውየው ፈርቶ ወይም ከወራጁ ጋር ታግሎ በኃይል መሳብ ሲጀምር በሳንባ ውስጥ የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል ፈሳሽን ከደም ሥር ወደ አየር ከረጢቶቹ ሊስበው ይችላል። በሃዋይ የተካሄደ የስኖርክሊንግ ደህንነት ጥናት ትኩረት ያደረገበት ነጥብ ይኸው ነው፤ አንዳንድ ሰዎች መጀመሪያ ውሃ ሳይውጡና ሳይንፈራገጡ፣ ትንፋሽ አጥሯቸውና አቅም አንሷቸው ጸጥ ብለው ሊሰጥሙ ይችላሉ።

ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ሕይወት ያተርፋል። ያለ ምክንያት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳል ከመጣ፣ ክንድና እግር ከዛለ፣ «ትንሽ ቆይቼ ይሻለኛል» ማለት አያስፈልግም። ቱቦውን ከአፍ ማውጣት፣ መነጽሩን ማንሳት፣ በጀርባ መገልበጥ፣ እጅን ከፍ አድርጎ ማመልከትና ወዲያው ከውሃ መውጣት ነው። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው እግሩ አሸዋ በሚነካበት ቦታ መቆየት ነው። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው አዲሱ ዓይነት ጭንብል «ለማይችሉ ይመቻል» ተብሎ ሲሸጥ ይታያል። በችግር ጊዜ እንደ ተራው ቱቦ ከአፍ ተፍቶ የሚጣል ስላልሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ልብ፣ የደም ግፊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን በግልጽ «ስኖርክሊንግ ላደርግ ነው» ብሎ ይጠይቅ። «ጉዞ ልሄድ ነው» ማለት አይበቃም። የግፊት መድኃኒት በሽርሽር ቀን አይዘለልም። መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ግን በዚያ ሙቀት ሰውነት ቶሎ ውሃ ስለሚያጣ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ያስፈልጋል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገረው። የጀልባ ማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒኖች ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። ክኒኑን ውጦ ያንቀላፋ ሰው ጀልባው ላይ ይቀመጥ እንጂ ባሕር አይግባ። ስለ አልኮል ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ነፃ መጠጥ የሚያድሉ ጀልባዎች አሉና መጠጡ ከዋናው በኋላ ይሁን።

የጾም ነገርም መነሳት አለበት። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን፣ ወይም በፍልሰታ፣ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ እናቶችና አባቶች አሉ፤ በረመዳንም እንዲሁ። ጾማቸውን ማንም አይነካባቸውም። ባዶ ሆድና የደረቀ ጉሮሮ ይዞ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ባሕር መግባት ግን ራስ ማዞርን ይጋብዛል። የስኳር ሕመም ካለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በእንዲህ ያለ ቀን ጥላ ሥር መቀመጥ ነው የሚሻለው። የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ አይሂድ፤ የእግር ስሜት ከቀነሰ የጋለ አሸዋም፣ የኮራል ስባሪም፣ የባሕር እሾህም ሲጎዳው ላይታወቀው ይችላል። የውሃ ጫማ ርካሽ ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት ዋና የማይችል ሰው ሁሉ ይልበስ፤ ልጆችም እንዲሁ። ለስኖርክሊንግ የሚታደሉት አንዳንድ ስስ ሰደርያዎች በአፍ ካልተነፉ የማያንሳፍፉ ናቸው። በውስጡ ስፖንጅ ያለውን፣ በሰውነት ልክ የሚታሰረውን መጠየቅ ይገባል። ማንም ብቻውን አይግባ። ሁለት ሁለት ሆኖ መግባትና በየደቂቃው መተያየት፣ ከውጭ ደግሞ ስልኩን አስቀምጦ የሚጠብቅ አንድ ሰው መመደብ ነው። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፤ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ የለውም።

ስለ ፀሐይ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ስህተት ነው። በደረት ተኝቶ ለሚንሳፈፍ ሰው ጀርባ፣ አንገትና የእግር ባት ለሰዓታት ይጋለጣሉ፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ደግሞ ቃጠሎው የሚታወቀው ማታ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳው ለፀሐይ ይበልጥ ስስ ይሆናል። የኮዙሜል ሪፎች ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ናቸው፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ በጥበቃው ክልል እንዳይቀቡ ይነገራል። ስለዚህ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝ ከማንኛውም ቅባት ይሻላል። ኮራሉ ላይ አይቆምም፣ የባሕር ኮከብም ለፎቶ ከውሃ አይወጣም። ከውሃ ውጭ የምትቆይበት እያንዳንዱ ሰከንድ ይጎዳታል።

ሰዓትም ሰው ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ መድኃኒቱን ይረሳል። ኪንታና ሮ ከ2015 ጀምሮ ሰዓቱን በበጋና በክረምት አይቀያይርም። በዚህ ምክንያት በበጋ ከማያሚ የተነሳ መርከብ የራሱን ሰዓት ይዞ ከቆየ ደሴቲቱን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልክ በራሱ ወደ ደሴቲቱ ሰዓት ስለሚዞር «ገና አንድ ሰዓት አለን» ያለ ቤተሰብ መርከቡን ከሩቅ ሊሰናበት ይችላል። በእኛ አቆጣጠር የሚያስቡ ወላጆች ካሉ ነገሩ ይብሳልና አንድ ተራ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልቶ መውረድ ነው። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፤ በግል የወጣውን ግን አይጠብቅም። የዕለት መድኃኒትም የአንድ ቀን ትርፍ ተጨምሮበት በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

«ይህን ሁሉ ካሰብን ምኑን ተዝናናን? ወላጆቻችን በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኙትን ዕድል በፍርሃት እናበላሸው?» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ከውሃ ይራቅ የሚል አስተያየት የለኝም። ጤናማ የሆነ የ70 ዓመት አባት ጃኬት ለብሶ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ የልጁን እጅ ይዞ ዓሣ ቢያይ ደስ ይለኛል። ሥሩ መስታወት የሆነ ጀልባም ኮዙሜል ውስጥ አለ፤ እግሩን ሳያረጥብ ሪፉን ማየት የፈለገ በዚያ ያያል። እናት ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ እግሯን በውሃ እያስመታች የልጅ ልጆቿን ብትመለከት ቀኑ አልጎደለባትም። ጎደለባት የምንለው ብዙውን ጊዜ እኛ ነን፤ ፎቶው ስለሚቀርብን።

ጉዞው ወራት የሚቀሩት ቤተሰብ ደግሞ ጊዜ አለው። መነጽሩንና ቱቦውን አስቀድሞ ገዝቶ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ባለ የመዋኛ ገንዳ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ከአሠልጣኝ ጋር ሦስትና አራት ቀን መሞከር ይቻላል። ፊትን ደፍቶ በቱቦ መተንፈስ፣ ውሃ የገባበትን ቱቦ በትንፋሽ ማጽዳት፣ በጀርባ ተገልብጦ መንሳፈፍ፤ እነዚህን ሦስቱን ገንዳ ውስጥ ያልቻለ ሰው ባሕር ላይ አይችላቸውም። ለበዓል ወደ ዛንዚባር ለሚሄዱም፣ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ለሚሻገሩም ልምምዱ ያው ነው። ገንዳው ውስጥ ደስ ያላላቸው ወላጅ ካሉ፣ የጀልባው ክፍያ ሳይፈጸም ያንን ማወቅ ይሻላል።