የእጅ ሙያ፦ የቀጥቃጭ ቤት ለምን ይጨልማል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎተራ አያያዝ አንብበናል። ዛሬ ስለ ብረት ሥራ እናነባለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበት፤ በክፍል ውስጥ እንነጋገርበታለን።

ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻ ደግሞ ይዶለዱማል። ዶማ ይሰበራል። የማጭድ ስለት ይጠፋል። ያን ጊዜ ወዴት እንሄዳለን? ወደ ቀጥቃጭ ቤት ነዋ!

በምናስተምርበት መንደር አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል። ከጎናቸው ሆኖ ሙያውን የሚማር ሰው የለም። እሳቸው ሲደክሙ፣ አንድ ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ሊመጣ ነው። ታዲያ ወጣቱ ለምን አይማርም? ብለን ጠየቅን። አንዳንዱ፣ "ሥራው አድካሚ ነው" አለን። አንዳንዱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቤቱ ጨለማ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?" አለን።

ስለዚህ እኛ አስተማሪዎቻችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ሽማግሌው ሄደን ተማሪ ሆንን። "አባባ፣ ቤትዎ ለምን ይጨልማል?" አልናቸው። ሳቁ። "ልጆቼ፣ ፀሐይ ላይ ብረት ቀላ አልቀላ አይለይም። ሳታውቁት ይቃጠልባችኋል" አሉን።

ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለበትም። ብረት ሲግል መልኩን ይለውጣል። ያን መልክ ማንበብ የሙያው ሀ ሁ ነው።

መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። ይህ ገና ነው፤ አይመታም። ቀጥሎ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ከዚያም የብርቱካን መልክ ይይዛል። አሁን ይመታል። ቢጫ ሲሆን በጣም ይለሰልሳል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ ከተፋ ግን ተቃጥሏል። የተቃጠለው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል።

ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። ከሰል፣ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍና ውሃ ናቸው። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የተሠሩ ሁለት ከረጢቶች ናቸው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይጫናል። በዚህ ዓይነት ነፋሱ ሳይቋረጥ እሳቱን ያነደዋል። መስፍ ማለት ብረት ተደግፎ የሚመታበት ነው። መስፍ ከሌለ ወፍራም ብረት ግንድ ላይ ተክሎ መሥራት ይቻላል።

ጀማሪ በማረሻ አይጀምርም። ፊደል ስንማር በደብዳቤ እንዳልጀመርን ሁሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ የፋኖስ ማንጠልጠያ ይሁን።

1. ርዝመቱ ሁለት ስንዝር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ ውሰዱ።
2. ጫፉን ከፍሙ መካከል ክተቱ። ወናፉን ንፉ።
3. የብርቱካን መልክ ሲይዝ በጉጠት አውጡት። እያገላበጣችሁ ጫፉን በመዶሻ አሹሉ።
4. ቅላቱ ሲጠፋ መምታት አቁሙ። የቀዘቀዘ ብረት ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንደገና አግሉት።
5. የሾለውን ጫፍ በመስፉ ጠርዝ ላይ እጠፉት። ሌላውንም ጫፍ አግላችሁ ወደ ተቃራኒው ጎን እጠፉ።

ፌሮ ለስላሳ ስለሆነ ለስለት አይሆንም። ቢላዋና መጥረቢያ ከመኪና ባሌስትራ ቢሠሩ ይሻላል። ባሌስትራ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ውሃ ግን ሊሰነጥቀው ይችላል። መቼ ይነከር? አባባ መልኩን ብቻ አይተው ያውቃሉ። ጀማሪ በማግኔት ይፈትን። 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት ብረቱን መያዝ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጨምሮ ማጋልና መንከር ነው። የተነከረው ስለት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፍቀን አንጽተን፣ የገለባ መልክ እስኪይዝ ድረስ በዝግታ እናሞቀዋለን። ያን ጊዜ ጥንካሬም ይኖረዋል፤ አይሰበርምም።

ተጠንቀቁ! ቆርቆሮና ነጭ የውሃ ቧንቧ እሳት ውስጥ አትክተቱ። ዚንክ የተቀባ ነው፤ ጭሱ ያሳምማል። ናይለን ልብስ ለብሳችሁ አትሥሩ፤ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። መሬት ላይ የወደቀ ጥቁር ብረት የበረደ አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። በአንዳንድ ቦታ ቀጥቃጭን "ቡዳ" ማለት፣ ከእሱ ጋር አለመብላትና አለመጋባት ዛሬም አልጠፋም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ባለ ሙያውን እያሳዘነ፣ ወጣቱንም ከሙያው እያሸሸ ቆይቷል። አባባ በቀጠቀጡት ማረሻ የበቀለውን እህል ሁላችንም እንበላለን። ታዲያ ከእሳቸው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ለምን ያስፈራናል?

አባባ ለመማር የሚመጣውን ሁሉ ወንድ ሴት ሳይሉ እንደሚቀበሉ ነግረውናል። ከሰሉን ተማሪው ይዞ ይመጣል።

ጥያቄዎች
1. የቀጥቃጭ ቤት ለምን ይጨልማል?
2. ብረት የሚመታው ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ ነው?
3. ልጃችሁ "ቀጥቃጭ ልሁን" ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? መልሱን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማጭድ እንዴት እንደሚሳል እናነባለን።