የወላጆች የአስተያየት ልዩነት ትምህርት ቤቱን ያጠንክረው!

የአንድ ኅብረተሰብ የነገ ዕጣ የሚወሰነው በዛሬዎቹ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ስለሆነም ወላጆች ስለ አካባቢያቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተለያየ አስተያየት ይዘው ሲከራከሩ መስማት የሚያስከፋ አይደለም። የሚያሳስበው ክርክሩ ተገቢውን መድረክ አጥቶ በየደጃፉና በየቡናው ዙሪያ ተጀምሮ በዚያው ሲቀር ነው።

በድሬዳዋ ይህ ጉዳይ ልዩ ክብደት አለው። ከተማዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሠርቶ አደር በአንድነት የገነባት ናት። ከደቻቱ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ አንድ ሕፃን ከእናቱ ሶማልኛ፣ ከጎረቤቱ ኦሮምኛ፣ ከገበያው አማርኛ እየሰማ ያድጋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህም ሦስቱ ቋንቋዎች በከተማዋ የማስተማሪያ ቋንቋ ለመሆን በቅተዋል።

የወላጆች አስተያየት የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ልጅ ፊደል መቁጠር ያለበት በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ለሥራና ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃው እንግሊዝኛ ነው በማለት፣ አቅሙ ከፈቀደለት ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥቶ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይልካል።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እስከ 8ኛ ክፍል የተማሩ ልጆች፣ ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተዛወሩት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አረጋግጧል። በአንፃሩ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ በሚማሩበት በገዛ ቋንቋቸው እንኳ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚህ የምንረዳው የቋንቋው መመረጥ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። መጽሐፍ በእጁ ያልገባ፣ መምህሩ በሰዓቱ ያልተገኘለት፣ በተጨናነቀና በሙቀት በታፈነ ክፍል የተቀመጠ ሕፃን በየትኛውም ቋንቋ ቢማር ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም።

ዋናው ችግር ግን ከዚህም ይጠልቃል። ገንዘብ ያለውና መናገር የሚችለው ወላጅ ልጁን ይዞ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ሳይሆን አንድ ጠበቃም ያጣል። የሚቀሩት የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የሸክም ሠራተኛው ልጆች ናቸው። የእነዚህ ወላጆች ሐሳብ የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ለስብሰባ የሚሆን ጊዜ ግን የላቸውም። ጠያቂ የሌለው ትምህርት ቤት ይዳከማል፤ በመዳከሙም ተጨማሪ ወላጆች ይሸሹታል። ልጁን ያስወጣውን ወላጅ መውቀስ አይገባም፤ ለልጁ የሚበጀውን መፈለግ መብቱም ግዴታውም ነውና። መወቀስ ያለበት ይህ አዙሪት ሲቀጥል እያየ ዝም የሚለው አካባቢ ነው።

የወላጅ ድምፅ ኃይል እንዳለው ታሪካችን ይመሰክራል። የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተብሎ የተዘጋጀው ዕቅድ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ የድሃውን ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ሊያስቀረው ነው በሚል መምህራንና ወላጆች በአንድነት ተቃወሙት፤ ሥራ ላይ መዋሉም ቆመ። ያን ጊዜ ሕዝቡ አይሆንም ለማለት ከተባበረ፣ ዛሬ ይሁን ለሚለው ነገር መተባበር እንደምን ይሳነዋል?

መድረኩ ደግሞ ያለ ነው። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የተቋቋመው መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ አይደለም። ስብሰባው የፋብሪካው ፈረቃ፣ የገበያው ሰዓትና የአምልኮው ጊዜ ታስቦ ይጠራ። ንግግሩ ወላጆች በሚግባቡባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይተርጎም። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው አዳማጭ ብቻ መሆናቸው ይብቃ። ከሁሉም በላይ ጥያቄው ተጨባጭ ይሁን። ልጆቻችን 2ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ያነባሉን? አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ይደርሳል? በሳምንቱ ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር አለፈ? የሚጠጣ ውኃ አለን? ልጁን በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነዋሪም ቢሆን በዚህ መድረክ ባዕድ አይደለም፤ የጎረቤቱ ልጅ ሳያነብ ቢያድግ ጉዳቱ የሰፈሩ ሁሉ ነውና።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶቻችን። ድሩ የሚያብረው ግን ክሮቹ አንድ ዓይነት ቀለም ስለያዙ ሳይሆን በአንድ ላይ ስለተፈተሉ ነው። የየአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበራትና የየሥራ ቦታው ሠራተኞችም ልዩነታቸውን እንደያዙ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ግቢ ይግቡ። በደጃፍ የሚወራው በስብሰባ ይነገር፤ በስብሰባ የተነገረው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረው በክፍሉ ውስጥ መፈጸሙ ይታይ። የሕፃናቱ ዕድሜ ክርክራችን እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም።