ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሙሻ ደሴት አንድ ቀን ስለ መዋል

ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ከደረሰ ጀምሮ የድሬዳዋ ነጋዴና ዘመድ ጠያቂ ወደ ጅቡቲ ሲመላለስ ኖሯል፤ ከተማችንም ራሷ የዚያ ሐዲድ ልጅ ናት። ነገር ግን እንደምናየው ከተመላላሹ መካከል ገበያውን ትቶ ባሕሩን ለማየት የሚሄደው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው አገር ለማየት ስለሚወጡ ወጣቶችና ልጆቻቸውን ይዘው ለዕረፍት ስለሚሄዱ ወላጆች ብለን፥ ከጅቡቲ ፊት ለፊት ስላሉት ስለ ሙሻና ስለ መስከሊ ደሴቶች ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ደሴቶቹ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙ፥ ዝቅ ያሉና አሸዋቸው የነጣ ናቸው። በ1832 ዓ.ም. እንግሊዞች ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን የገዟት በ10 ጆንያ ሩዝ ነበር፤ ይህም ለአንድ የድሬዳዋ ሠርግ ይበቃ እንደ ሆነ እንጃ። በኋላ ግን ለፈረንሳይ ለቀቋት።

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪክ ባቡር ጅቡቲ የደረሰ መንገደኛ፥ በማግስቱ ማለዳ በጀልባ ተሻግሮ ማታ ሊመለስ ይችላል። የሚመረጠው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ በክረምት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሕፃን ይዞ መሄድ አይገባም እንላለን። የሚጠጣ ውሃና ምሳ ከከተማ መያዝ ያስፈልጋል።

የድሬዳዋ ልጅ የሚያውቀው ውሃ ደቻቱ ነው። ደቻቱ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት እየጮኸ ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ በሌሊት መጥቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ወስዷል። ስለዚህ እናት ልጇ ወደ ውሃ ሲቀርብ ብትጨነቅ አንነቅፋትም። ባሕር ግን እንደ ደቻቱ አይጮኽም፤ ጸጥ ብሎ ሳለ ከሥር ይስባል። በዚህ ጊዜ ወደ ዳር በቀጥታ ለመመለስ ከውሃው ጋር መታገል ጉልበት ያስጨርሳል፤ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ወደ ጎን እየዋኙ ከስበቱ ከወጡ በኋላ መመለስ ይሻላል። መዋኘት የማያውቅ ልጅ ከወላጁ ክንድ አይራቅ፤ በጀልባም ላይ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ይልበስ፤ ጃኬቱ በልኩ ካልተገኘ አለመሳፈር ነው።

ከውሃው በታች አለት የሚመስለው መርጃን፥ ዛሬ ኮራል የምንለው፥ ድንጋይ ሳይሆን እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን እንስሳት ተባብረው የሠሩት ቤት ነው። የሚያድገው በጣም ቀስ ብሎ ስለ ሆነ፥ ለሳሎን ጌጥ ብሎ አንዱን ቅርንጫፍ የሚሰብር ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ያፈርሳል። ዓሣውም የሚጠለለው በእርሱ ውስጥ ነው። እግርን ደግሞ ይቈርጣል፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርምና ጫማ አድርጎ መግባት ይገባል። በጨው ውሃ ውስጥ ሥር ሰዶ የቆመውን የማንግሮቭ ዛፍ ለልጆች ማሳየት አይዘንጋ፤ እኛ እንደ መርጃኑ ሁሉ የተደነቅንበት ነው።

ከዚያው ባሕረ ሰላጤ ማዶ ኦቦክ ትገኛለች። በዚያ አቅጣጫ ወደ የመን ሊሻገሩ የተነሡ ወገኖቻችን ብዙዎች ጠፍተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በነጩ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ምሳ የሚበላ ቤተሰብ ይህን ለልጆቹ ቢነግር ደስታቸውን ያጎድልብኛል ብሎ አይስጋ፤ ልጆች ይጠይቃሉና።

ከጀልባው ባለቤት ጋር የመመለሻውን ሰዓት ሲዋዋሉ አንድ ነገር ያስተውሉ። ጅቡቲዎች ሰዓት የሚቈጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው፤ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት የእነርሱ ዐሥራ አምስት ነው። ይህን ሳያስረዱ ልጆችን ይዞ በደሴት ላይ ጀልባ መጠበቅ አይመከርም።