የቱሪዝም ዕውቅናና የልጆቻችን ድርሻ

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነውን አዋጅ ቁጥር 1263 ሲያጸድቅ ቱሪዝም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። ከዚያ በፊት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከባህል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። አገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያውም ቱሪዝምን ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከማዕድንና ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ጋር ከአምስቱ የዕድገት ምሰሶዎች አንዱ አድርጎታል። ዕውቅናው የሚያስደስት ነው። ሆኖም ካርቱም ላለ የኮሙኒቲ ትምህርት ቤት ምን ትርጉም አለው ብለን መጠየቅ የመምህርነት ሥራችን ግድ ይለናል።

በመጀመሪያ ዕውቅናው አዲስ እንዳልሆነ እናስታውስ። በ1950ዎቹ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቱሪዝም ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሲመሩት፣ ኢትዮጵያን «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መጠሪያ ለዓለም አስተዋውቀዋል። ያ መጠሪያ መንግሥታት ሲለዋወጡ አልፎ ለግማሽ ምዕተ ዓመት አገልግሏል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ «ምድረ ቀደምት» ተተካ። መሥሪያ ቤቱ ኮሚሽን፣ ድርጅትና ሚኒስቴር እየተባለ ብዙ ጊዜ ስሙ ተለውጧል። እንግዳው ግን የሚመጣው የመሥሪያ ቤቱን ስም አይቶ አይደለም። ቅርሱ ተጠብቆ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ የሚቀበለውም ሰው ስለሚያሳየው ነገር አውቆ ሲያገኝ ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ፓርኩና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። ከዚህ በላይ ዕውቅና የለም። ነገር ግን የዋልያ ቁጥር እየቀነሰ፣ ሰፈራውና ግጦሹ እየሰፋ፣ በፓርኩ ውስጥም መንገድ እየተሠራ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለዚህም አማራጭ መንገድ ተሠርቷል፣ ግጦሽ ተቀንሷል፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። እንግዲህ ዕውቅናውን ያገኘው አገር ሲሆን ዋጋውን የከፈለው ገበሬው ነው። ቱሪዝም አስፈላጊ ነው ስንል ጥቅሙ በቅድሚያ ለእነዚህ ሰዎች መድረስ አለበት ማለታችን ነው።

ላሊበላም ሌላ ትምህርት አለው። ከተማው የሚኖረው በአመዛኙ በእንግዳ ነው፤ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩና መስቀል ሻጩ ሁሉ የሚጠብቁት እሱን ነው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማውን ደረሰበት። ዓለቱ ቆሞ ሳለ እንጀራው ተቋረጠ። በ2014 ዓ.ም. ገና እንደገና በዚያው ሲከበር ሁላችንም እፎይ ብለናል፤ ግን ሰላም የሌለበት የቱሪዝም ምሰሶ እንደማይቆም በዓይናችን አይተናል።

ባህልና ቱሪዝም መለያየታቸው ጥያቄ ያጭርብናል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሕዝቡ ስለሚያከብረው እንጂ ጎብኚ ስለሚያየው አይደለም። የሚያከብረው ትውልድ ከሌለ የሚታይ ነገር አይኖርም። ሚኒስቴሮቹ ቢለያዩም በትምህርት ቤት ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ለ2014 ዓ.ም. ገና አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ሲደረግ ብዙ ሰው ቶሎ ያሰበው ዋሽንግተንንና ለንደንን ነው። ነገር ግን ካርቱም ያለው ወገናችን ያለ ጥሪም በየክረምቱ ሻንጣውን ጭኖ በገላባትና በመተማ ሲገባ ኖሯል። ያ መንገድ የሚያወጣው ጎንደር ላይ ነው። ስንቱ ቤተሰብ ነው ወደ ዘመድ ቤት ሲጣደፍ በፋሲል ግቢ በር አልፎ የሚሄደው? ካርቱም የተወለደ ልጅ አብያተ መንግሥታቱን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አውቆ፣ አጠገባቸው በአውቶቡስ ተኝቶ ማለፉ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። ቱሪስት ሲባል ፈረንጅን ብቻ ማሰብ ልማድ ሆኗል። ሱዳናዊው ግን የካርቱም ሙቀት ሲበረታበት ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ቡናችንን ይወዳል፤ እኛም የመሐመድ ወርዲን ዜማ እንደራሳችን እንሰማለን። ይህን እንግዳ በቋንቋው የሚያስተናግደው ማነው? አማርኛን ከእናቱ፣ ዓረብኛን ከሰፈሩ፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በየክፍላችን ተቀምጠዋል። መንግሥት ቱሪዝምን ምሰሶ ካለ እነዚህን ልጆች እንደ ሀብት ቢቆጥር ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሁን፤ ለሰው ሻንጣ ተሸካሚ እንዲሆን አላስተምርም» ይሉናል። ምኞታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ሙያው ሻንጣ መሸከም ብቻ አይደለም። ታሪክ አዋቂ፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ የምግብ ባለሙያ፣ የዱር እንስሳት ተመራማሪ፣ ተርጓሚና የቅርስ ጠጋኝ ይፈልጋል። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ትተው ወደ ቤት ሠራተኝነት የሚገቡ ልጃገረዶች፣ የሊቢያን በረሃ የሚያልሙ ወንዶች ልጆች እናውቃለን። ከፊታቸው የሚታይ ሙያ ሲጠፋ በረሃው ተስፋ ይመስላቸዋል። ቋንቋቸው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ማሳየት ከበረሃው ለማስቀረት ይረዳል።

ለዚህ የሚኒስቴር ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። እዚሁ ካርቱም ናይል ዳር የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳይውጠው ተነቅሎ የመጣውን የቡሄን ቤተ መቅደስ፣ የክርስቲያን ኑቢያን የግድግዳ ሥዕሎችም እዚያ ማየት ይቻል ነበር። ሥዕሎቹን ያየ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ከሚያያቸው ጋር ያስተያያቸዋል። ከካርቱም በስተ ሰሜን የሜሮዌ ፒራሚዶች አሉ፤ ንጉሥ ዔዛና ወደዚያ ምድር መዝመቱን በአክሱም ባቆመው ድንጋይ ላይ ጽፎልናል። በመቅረን ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ የኛ ጣና ውኃ ዓይናችን እያየ ያልፋል። ልጆቻችን የሁለት አገር ቅርስ ወራሾች ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የኮሙኒቲው አመራርና ኤምባሲያችን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ አገር ቤት ገብተው ጎንደርን፣ ጣናንና ላሊበላን የሚያዩበትን ጉዞ እንዲያግዙ እንጠይቃለን። ጉዞው የሽርሽር ሳይሆን የትምህርት ነው፤ ተማሪው ያየውን ጽፎ ይመለሳል፣ የተሻለው ጽሑፍም በዚህ መጽሔት ይወጣል። ወላጆችን ደግሞ፣ በዚህ ክረምት መንገዱ ሰላም ሆኖ የምትገቡ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ግማሽ ቀን አውርዷቸው እንላለን። የመግቢያውን ከፍላችሁ፣ አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ልጆቹ እንዲጠይቁ ፍቀዱላቸው። የምትከፍሉት ገንዘብ ለአስጎብኚው የዕለት ጉርስ ነው፤ ልጁ የሚያየው ግን ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል።

መንግሥት የቱሪዝምን አስፈላጊነት በአዋጅ አውቋል። ልጆቻችን አገራቸውን እንዲያውቁ ማድረግ ደግሞ የእኛ የመምህራንና የእናንተ የወላጆች ፈንታ ነው።