የቴሌኮሙ በር ለማን ነው የሚከፈተው?

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለእናቴ እድር አንድ ቀላል ነገር ልንሠራ አሰብን። መዋጮ ሲደርስ፣ ለቅሶ ሲኖር ለአባላቱ ኤስኤምኤስ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ጽፈን ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜና እሁድ በቃን። መልእክቱ የሚወጣበትን አጭር ቁጥር ለማግኘት ግን የንግድ ፈቃድ አምጡ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጡ ተባለ። ዋጋውን ለመጠየቅ እንኳ በአካል መሄድ ያስፈልግ ነበር። ጓደኛዬ አራት ወር ተመላልሶ ተወው።

እኔ በምኖርበት ስቶክሆልም ደግሞ ይኼው አገልግሎት በባንክ ካርድ፣ በአሥር ደቂቃ ይከፈታል። ታዲያ ከዚያው አትልክም? ትሉኝ ይሆናል። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ የአንድ መልእክት ዋጋ እዚህ አገር ውስጥ ከሚላከው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእድር መዋጮ አይችለውም።

ጉዳዩ ከእኛ እድር በላይ ነው። ዛሬ የሞባይል ኩባንያ ድምፅና ዳታ ሻጭ ብቻ አይደለም። ማንነታችንን የሚያረጋግጠው ኮድ በእሱ በኩል ነው የሚመጣው። ገንዘባችንም እሱ ዘንድ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ ጋ ለመድረስ ደግሞ እንደ *127# ያለው መንገድ የእሱ ነው። የቴሌኮሙን በር ያላለፈ ዴቨሎፐር ሕዝቡ ጋ አይደርስም።

ኬንያን እንይ። ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መጀመሪያ ላይ ከሲስተሙ ጋር መገናኘት ለትንሽ ኩባንያ ፈተና ነበር። በ2017 ሳፋሪኮም «ዳራጃ» የሚባለውን የዴቨሎፐሮች መግቢያ ከፈተ፤ በስዋሂሊ ድልድይ ማለት ነው። ማንም ተማሪ በኢንተርኔት ተመዝግቦ፣ በሙከራ ገንዘብ ይሠራል፣ ያበላሻል፣ ያስተካክላል። ወረቀቱ የሚመጣው ሥራው እውነተኛ ገንዘብ ሊያንቀሳቅስ ሲል ነው። እኛ ጋ ወረቀቱ ይቀድማል፣ ሐሳቡ መንገድ ላይ ይሞታል።

እርግጥ በኢትዮጵያ በሩ ጨርሶ ተዘግቷል ማለት አልችልም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው፤ ሌሎች ኩባንያዎችም በመተግበሪያው ውስጥ አገልግሎት ያቀርባሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ገብቶ ኤም-ፔሳን አስከትሏል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ መንገዱን የያዘው ኩባንያ ራሱ ክፍያ ያቀርባል፣ ከባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ያቀርባል። ነገ ተፎካካሪው የሚሆነውን ልጅ በመንገዱ የሚያሳልፈው በምን ሒሳብ ነው?

«ደኅንነትስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አጭበርባሪው በዝቷል። ግን መክፈት ሁልጊዜ አደጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የዓለም የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር ጂኤስኤምኤ ከ21 ኦፕሬተሮች ጋር «ኦፕን ጌትዌይ» የሚባል ሥራ ጀመረ። ከአገልግሎቶቹ አንዱ ባንክ ገንዘብ ከማስተላለፉ በፊት ኔትወርኩን «የዚህ ቁጥር ሲም ሰሞኑን ተቀይሯል ወይ?» ብሎ በቀጥታ እንዲጠይቅ የሚያስችል ነው። ቁጥሩን ሰርቆ በሌላ ሲም ያወጣ ሌባ እዚያ ላይ ይያዛል። የተዘጋ ኔትወርክ ይህን ጥበቃም ይነፍገናል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው ገበያውን ለውድድር ለመክፈት ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ተቆጣጣሪዎቹ በ2021 የአንድ ዩኤስኤስዲ አገልግሎት ዋጋ 6.98 ናይራ እንዲሆን አድርገዋል። የባንኮቹና የቴሌኮሞቹ የዕዳ ጭቅጭቅ ከዚያም በኋላ አልበረደም፤ ቢያንስ ግን ዋጋው በአደባባይ የታወቀ ነበር። የእኛም ባለሥልጣን የአጭር ቁጥርና የዩኤስኤስዲ ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ፣ ማመልከቻ በተወሰነ ቀን መልስ እንዲያገኝ፣ መሞከሪያው ያለ ንግድ ፈቃድ እንዲከፈት ማዘዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ኦፕሬተሩ ለራሱ አገልግሎት የሚሰጠውን ዋጋና ፍጥነት ለውጭ ሰውም እንዲሰጥ። ይኼኛው ካልተነካ ሌላው ሁሉ በወረቀት ይቀራል ባይ ነኝ።

ጓደኛዬ አሁን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ይሠራል። የእናቴ እድርም ለቅሶ ሲኖር አሁንም ለፋፊ ነው የሚልከው።